ከማን ሰማኸው?

ባሌ መድኃኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስትወጡ በስተቀኝ ከተደረደሩት ቤቶች አንዱ የኛ ነው። የፊቱ ክፍል መስፊያ ቤቴ፣ የኋላው መኖሪያችን። ጎረቤታችን ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነው። በኛና በሱ ሱቅ መካከል ያለችው ግድግዳ ስስ ጣውላ ስለሆነች፣ እሱ ባስነጠሰ ቁጥር «ይማርህ» የምለው እኔ ነበርኩ።

በ1970 ዓ.ም. መቀመጥ ተሳነኝ። በዚያ ዓመት ተረጋግቶ የተቀመጠ ነበር ለማለት አይደለም፤ የኔ ግን ባሰ። ሰው የሚለቅም ላንድሮቨር በደጃፋችን ሲያዘግም እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ይነሳል። መድኃኔ የሚመጣበት ሰዓት ትንሽ ካለፈ ደጅ እወጣለሁ፣ ቁልቁል ወደ ድልድዩ አያለሁ፣ እገባለሁ፣ የጀመርኩትን እጅጌ አነሳለሁ፣ መልሼ እጥለዋለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ከተማ ምላጩን እየሳለ ያየኝና «ኧረ ሰርክአዲስ፣ መሬቱን ጨረስሽው! ነገ ምን ልንረግጥ ነው?» ይለኛል። «አንተ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ምን ታውቃለህ!» እለዋለሁ። እውነትም ማንም አልነበረውም፤ ቀልድ ግን ጠፍቶበት አያውቅም።

መድኃኔ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የአክሱም ልጅ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። አገር በጥይት ስትታመስ እሱ በእንግሊዝኛ ቃላት ይጫወታል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

የሚያስተምረው ከሥራ በኋላ የሚማሩ አዋቂዎችን ነበር፤ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ አንዳንድ ነርሶችም ነበሩበት። ሰዓት እላፊ ስላለ ትምህርቱ በጊዜ ያልቃል። አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ሰርኪ፣ ዛሬ ምን እንዳስተማርኳቸው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም። ለምን ዘገየህ?»

«እንግሊዞች አዲስ ቃል ሲያስፈልጋቸው ምን እንደሚያደርጉ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ማንም የማያስተምረው አንድ ክፍል አለ። ሁለት ቃል ይወስዱና የአንዱን ራስ ከሌላው ጭራ ጋር ይገጥሙታል። ብሬክፋስት ቁርስ ነው፤ ላንች ምሳ ነው። አርፍዶ ተነስቶ ሁለቱን ባንድ ላይ ለሚበላው ብራንች አሉት። ስሞክ ጭስ ነው፤ ፎግ ጉም ነው። የለንደን አየር ሁለቱንም ሲሆን ስሞግ አሉት።»

«እኛ ሁለቱንም ትተን እራት ብቻ ነው የምንበላው። ለዚህስ ስም አላቸው?»

ሳቀ፤ አላቆመም ግን። ቃል ግማሹ ተቆርጦ ተጥሎ በቀረው እንደሚኖር ነገረኝ። የሰው ስም የዕቃና የምግብ ስም እንደሚሆንም፤ ሳንድዊች ለካ መጀመሪያ የአንድ ባላባት መጠሪያ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ሠራተኛው ከሥራው ይቀድማል አለኝ። ኤዲተር የሚባለው ሰው አስቀድሞ ነበር፤ ኤዲት የሚለው ግስ በኋላ ከሱ ላይ ተቆርጦ ወጣ። «ልጅ እናቱን ወለደ በለኛ» አልኩት። «ልክ እንደሱ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ።

አንዱን መንገድ ግን ዘሎታል። የቃላትን መነሻ ፊደል ለቅሞ ስም ማውጣትን። በዚያ ዓመት የፓርቲ ስም ለመሆን የተሰበሰቡ ፊደላት ስንቱን ልጅ ከቤቱ አስወጥተው እንዳስቀሩት ከኔ እኩል ያውቃል። «ያንን ገጽ አለፍኩት» አለኝ ዓይኑን ሰብሮ።

ምነው ሁሉንም ባለፈው! የቤት ሥራ ሰጣቸው እንጂ። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት የአማርኛ ቃላት ገጥሞ አንድ አዲስ ቃል እንዲሠራ፣ ከዚያም ሳይተረጉም፣ ሳያብራራ፣ ዝም ብሎ በሰፈሩ እንዲናገረው። «የለቀቃችሁትን ቃል ካልነገራችሁት ሰው አፍ መልሳችሁ ከሰማችሁት፣ እውነተኛ ቃል ሆኗል ማለት ነው» አላቸው። ቃሉ ከሁሉ ርቆ ሄዶ የተመለሰለት አንደኛ ይወጣል። ሽልማቱም የገዛ ራሱ መዝገበ ቃላት ነው፤ አገር ለቆ ከሄደ አርመን የገዛው፣ እኔን እንኳ እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪ የሚለኝ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዘመን ሰው ያለውን ቃል ይውጣል፤ አንተ አዲስ ታስፈለፍላለህ?»

«ቀልድ እኮ ነው ሰርኪ።»

ከተማሪዎቹ ሁሉ የምትበልጥ ሙሉነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ባንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች፤ እሪ በከንቱ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ታናሽ ወንድሟ በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። አክስቷ ከዚያ ወዲህ በሩን ሳይቀረቅሩ ነው የሚያድሩት፤ በዚያ ዘመን በሩን ሳይቀረቅር የሚያድር ሰው እሪ በከንቱ ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ሙሉነሽ የሠራችውን ቃል ለመድኃኔ ልታሳይ መጣች። እሱ አልገባም። ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ አሰሳ አለ ብለው አላፊዎች አወሩ። ከተማም ሱቁን ዘግቶ ጊዮርጊስ ሊሳለም ሄዷል። እኔ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ልጅቷ ጨርቅ በተከመረበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ትከተለኛለች።

«እትዬ ሰርክአዲስ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ለዚህ ስም አለኝ።»

«ለየቱ?»

«ለዚህ ለሚያመላልስዎት ነገር። ናፍቆት እንዳይሉት ፍርሃት አለበት፤ ፍርሃት እንዳይሉት ናፍቆት ነው። ናፍርሃት ብዬዋለሁ።»

ቆምኩ። መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ስሙን ሳላውቀው ስንት ወር ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነገር ነው። ወንድሟን ሳስብ፣ ደጅ ያለውን ሳስብ፣ እንባዬ መጣ። በዚያው መሃል መድኃኔ አቧራ ለብሶ ገባ፤ አስቁመው ፈትሸው ለቀውታል። አቀፍኩት፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣሁት። ልጅቷ ቃሉን ነገረችው። እሱም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሙሉነሽ፣ ይህ ከሁሉም የበለጠ ነው» አላት። «ግን አታውጪው። ሰው ይህን ከሰማ ያለቅሳል። ልጇ የወደቀባት እናት እንዳታለቅስ በተከለከለችበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ደጅ አይወጣም። እዚህ ይቅር፤ አንቺ፣ እኔ፣ ሰርኪ።»

«እንግዲያው የሚያስቅም አለኝ» አለች እንባዋን ጠርጋ። በሩ ላይ ከተማ ነጠላውን እያስተካከለ ብቅ ሲል ወደሱ ዞራ፣ «ጋሼ ከተማ፣ ለእሁድ ምን ስብሰበብ አዘጋጅተዋል?» አለችው።

ማንም አልተረጎመለትም። እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ነው፤ ሰውም የሚቀርበት ሰበብ ሲፈልግ ሳምንቱን ይፈጃል። ከተማ ለአንድ አፍታ አሰበና በሳቅ ፈነዳ። ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ስብሰበብ! ስብሰበብ! ኧረ ይህስ የኔ ነው!» እያለ ወደ ሱቁ ይዞት ገባ። በማግስቱ በጣውላው ግድግዳ በኩል ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሲናገረው ሰማሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ እሸቴ እንኳ ፊቱ ሳሙና ተቀብቶ እንደተቀመጠ ሲሰማው በሳቅ አረፋውን ረጨው።

ፒያሳ ቀልድ ርቧት ነበር መሰለኝ። ቃሉ በሳምንቱ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ድልድዩ ደረሰ። በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ወይዘሮ አክበረት የምትባል ጎረቤታችን፣ «የባሌ የገብረአብ ስብሰበብ ወገቡ ናት፤ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምታመው» ስትል ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሙሉነሽም ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ሰማሁት ብላ እየበረረች መጣች። መድኃኔ ደስታው ወሰን አጣ። መዝገበ ቃላቱን አውጥቶ አቧራውን ጠረገ።

እኔ አልሳቅኩም። ማታ ማታ መደቡ ላይ እየተገላበጥኩ «ይህ ነገር ይዞን ይሄዳል» እለዋለሁ። «ተኚ» ይለኛል። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ውሸት አይደለም።

ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ የላከው ካድሬ በቀበሌያችን ሲያልፍ ማኪያቶ ሊጠጣ ኬክ ቤት ገባ። አስተናጋጁ ለጓደኛው «የዛሬው ስብሰበብህ ምንድነው?» ሲል ሰማውና ትርጉሙን ጠየቀ። አስተናጋጁም ሰው ያወቀው ቀልድ መስሎት አብራራለት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በመንገዳችን አለፈች፦ እሁድ አስቸኳይ ስብሰባ አለ፤ የሚቀር ሰው በአብዮቱ ላይ እንደተነሳ ይቆጠራል፤ አጀንዳው የሕዝብን ስብሰባ የሚያንቋሽሽ የአናርኪስቶች ቃል ምንጭ እንዲጣራ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቤቱ ጠመንጃ ያነገቱ አብዮት ጠባቂዎች እየገቡ አንዲት ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ጀመሩ። «ከማን ሰማኸው?» «ከማን ሰማሽው?» መጀመሪያ አስተናጋጁን ያዙት። እሱ ከወይዘሮ አክበረት ሰማሁ አለ። አክበረት ከባሏ ከገብረአብ ነው አለች፤ ምን ታድርግ። ገብረአብን ግን አልጠየቁትም፤ «አንተ እሁድ ሕዝብ ፊት ትናገራለህ» ብለውት ሄዱ። ገብረአብ ፀጉሩን የሚቆረጠው የት እንደሆነ ፒያሳ ሁሉ ያውቃል። ከገብረአብ ወዲያ ከተማ ነው። ከከተማ ወዲያ ሙሉነሽ ናት። ከሙሉነሽ ወዲያ ያለው የኔ ቤት፣ የኔ አግዳሚ፣ የኔ ባል ነው። መርፌ ይዤ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ዓርብ ዕለት ሙሉነሽ መጣች። ካፖርቷን ሰጠችኝና «እትዬ፣ ከውስጥ በኩል ኪስ ይሥሩልኝ፤ ጠለቅ ያለ፣ አዝራር ያለው» አለችኝ። ከንፈሯ ደርቋል። ኪሱን እየሰፋሁ «አይዞሽ» አልኳት፤ ለራሴም ያልነበረኝን። ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና መንገዱን ወዲህና ወዲያ አየች። «ለመምህር ሰላም ይበሉልኝ» ብላ ወረደች። እኔ ያኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ቅዳሜ መድኃኔ ኮቱን ለብሶ ተነሳ። «ቀበሌ ልሄድ ነው» አለ። «የትምህርት ጉዳይ ነው፣ ከመጽሐፍ ነው ያስተማርኩት ብዬ አስረዳለሁ። ልጅቷ ጋ ከመድረሳቸው በፊት።»

«ለማን ነው የምታስረዳው? ስለ ብራንች ነው የምትነግራቸው? ቁርስና ምሳ ባንድ ላይ ልትላቸው ነው?» ጮህኩበት። በሩ ላይ ተገተርኩ። «መጀመሪያ እኔን ረግጠህ ውጣ!»

«ሰርኪ፣ ተማሪዬ ናት።»

«ባሌ ነህ!»

ግድግዳው ተንኳኳ፤ ከዚያ ከተማ ራሱ መጣ። ሁሉንም ሰምቶታል፤ እንዴት አይሰማ። ፂሙን ሳይላጭ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «መምህር፣ ቁጭ በል» አለው። «ጥያቄው እኔ ጋ ሳይደርስ አንተ ምን አስነሳህ? ቃሉን ፒያሳ ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ልትላቸው ነው ታዲያ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። አፌ ሁሌ ከኔ ቀድሞ ነው የሚናገረው፤ እሁድስ ምን ያግደዋል?» ሊቀልድ ፈልጎ ነው፤ ማናችንም አልሳቅንም።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስብሰበብ ይዞ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ገብረአብ እንኳ ወገቡን ይዞ መጥቷል። ሙሉነሽን በዓይኔ ፈለግኳት። የእሪ በከንቱ ሰው ሌላ ቀበሌ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መድረኩ ላይ ጓድ እሸቴ መሐል ተቀምጧል፤ አብዮቱ ሳይመጣ ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጥ የነበረ ሰው ነው። ከጎኑ ያ ካድሬ፣ ወጣት፣ ቀጭን፣ ዓይኑን የማይሰብር። መፈክር ተባለ፣ ክንድ ተነሳ። ከዚያ ካድሬው ቆመ።

«ጠላት በጥይት ሲያቅተው በቀልድ ይገባል» አለ። «ይህ ቃል ዝም ብሎ የተወለደ አይደለም፤ የሠራው እጅ አለ። ያ እጅ ሳይገኝ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ የለም።»

አስተናጋጁ ተነሳ። ከወይዘሮ አክበረት ነው አለ። አክበረት ተነሳች። ከባለቤቴ ነው አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ገብረአብ ሲነሳ ወገቡን ረስቶት ነበር።

«ከማን ሰማኸው?»

«ከ... ፀጉር ቤት።»

«ፀጉር ቤት ሰው ነው?»

«ከከተማ ነው» አለ ገብረአብ።

መድኃኔ ከጎኔ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ። ቀበቶውን ከኋላ ያዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ የያዘ ጣት ነው፤ አይለቅም። ወደኔ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ልመና ዓይኑ ላይ አይቼ አላውቅም። አለቀቅኩትም።

ከተማ ተነሳ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ደንበኛ ሲገባበት እንደሚያደርገው።

«ከማን ሰማኸው?» አለ ካድሬው።

ከተማ ግን ካድሬውን አላየውም። ጓድ እሸቴን አየውና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከእርስዎ ነው የሰማሁት» አለ።

 የእሸቴ ፊት ሳሙና የተቀባ ያህል ነጣ። ካድሬው ቀስ ብሎ አንገቱን ወደሱ አዞረ።

«ወንበሬ ላይ እንደተቀመጡ» ብሎ ቀጠለ ከተማ፣ አሁን ፈጠን ፈጠን እያለ። «ፊትዎን ሳሙና እየቀባሁ። ‹እሁድ በመጣ ቁጥር አንዳንዱ ሰው ሰበብ ያበዛል፤ ይህን በሽታ ስም አውጥተንለት ካላጋለጥነው አብዮቱ ወደፊት አይራመድም፤ ስብሰበብ እንበለው› አሉ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ ጓድ። ለደንበኞቼ ሁሉ የነገርኳቸው ይነቁበታል ብዬ ነው። አጥፍቼም ከሆነ ልታረም።»

እሸቴ ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። አላልኩም ቢል፣ ያን ቀን በሳቅ አረፋ ሲረጭ ያዩት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰምቶ ለምን ዝም አለ ይባላል። አልኩ ቢል ደግሞ መንገዱ ተጠርጎለታል። ሲያስብ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ከኋላ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሳ።

«ጓድ ከተማ በትክክል አስቀምጦታል» አለ። «ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከስብሰባ የሚሸሹትን ለማጋለጥ ነው ያወጣሁት። ችግር የተፈጠረው አድኃሪያን ስለጠመዘዙት ነው።»

ካድሬው እሸቴን አየ፣ ከተማን አየ፣ እኛን አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። እጁን አንስቶ አጨበጨበ። አዳራሹ ተቀበለው። እኔ እንኳን ለሰርግ እንደዚያ አጨብጭቤ አላውቅም፤ መዳፌ እስኪቀላ መታሁት። መድኃኔ አላጨበጨበም፤ ቀበቶውን ስለቅለት ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ተዝለፈለፈ።

ውጪ ከተማን አገኘነው። ግንቡን ተደግፎ እጆቹን እያየ ነው፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። «ነገ ምላጭ አልይዝም» አለኝ፤ «ሰው እፈጃለሁ።» መድኃኔ ጭንቅላቱን ስሞ ሮጠ፤ እኔም ነጠላዬን እያንጠለጠልኩ ተከተልኩት። ማለቁን ሙሉነሽ ትስማ፤ ከሁሉ በፊት እሷ ትስማ።

እሪ በከንቱ ስንደርስ አክስቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ከኋላቸው ገርበብ ብሏል።

«የለችም» አሉ፣ ገና ሳንጠይቃቸው። «ትናንት ሲነጋጋ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ሌላ ምንም አልያዘችም። የት ነው ብላት ‹አይጠይቁኝ፣ ከጠየቁዎት እንዳይዋሹ› አለችኝ።»

ያ ኪስ! በገዛ እጄ የሰፋሁት ኪስ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። መድኃኔ «ዋይ ኣነ!» አለ በቋንቋው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዳራሹ ውስጥ ነገሩ በጭብጨባ ተዘግቷል፤ እሷ ግን ሞት ይከተለኛል ብላ አገር ለአገር እየሮጠች ነው። አልቋል ብሎ የሚነግራት የለም። ሴትየዋ እንዳያለቅሱ ነጠላቸውን ነክሰዋል፤ ጎረቤት ይሰማል።

በሳምንቱ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ በታይፕ የተመታ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ስብሰበብ የሚያበዙ ግለሰቦች ላይ እርምጃ ይወሰዳል» ይላል፣ ከነማኅተሙ። መድኃኔ ፊቱ ቆሞ ሲያነበው አየሁት። የሙሉነሽ ቃል ማኅተም ተመቶበት ተመልሷል፤ ፊቱ ላይ ግን አንዲት ፈገግታ አልነበረችም። ቤት ገብቶ መዝገበ ቃላቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። የመጽሐፉን መጨረሻ ክፍል ከዚያ በኋላ አላስተማረም። እኔ ደግሞ አዲስ አመል አወጣሁ፤ በደጃፌ ካፖርት የለበሰች ሴት ባለፈች ቁጥር ፊቷን ሳላይ አላሳልፋትም።

ክረምት አለፈ፤ ሌላም ክረምት መጥቶ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት የሠራሁትን ቀሚስ አድርሼ ስመለስ መድኃኔን ፒያሳ አገኘሁትና ኬክ ቤት ገባን። ባንኮኒው ጋ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ነው። ከጎናችን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሟል፤ ፊቱ ፀሐይ የበላው፣ ሸሚዙ ላይ አቧራ ያለበት። ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ እንደመጣ ለባንኮኒው ልጅ ሲያወራ ሰምተናል። አሁን ግን ዝም ብሎ በመስኮቱ መንገዱን ያያል፤ ይዞራል፣ መልሶ ያያል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ልጁ።

«ረዳቴ ወረቀት ላስመታ ብሎ እንደሄደ ቀረ። ኬላ ላይ ይዘውት ይሆን እላለሁ። ናፍርሃት ገደለኝ እባክህ።»

«ምን ገደለህ?»

«እኛ ጋ ድንበሩ ላይ እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ሲዘገይብህ፣ እንዳይቀር ስትፈራ...»

ብርጭቆዬን ለቀቅኩት፤ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። የሰውየውን እጅጌ ያዝኩት። «ከማን ሰማኸው?» አልኩት።

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ጮኼ መሆን አለበት። ሰውየው ፊቱ ክፍት ነበር፤ ዓይኔ እያየ ተዘጋ። ያን ጥያቄ የማያውቅ ማን አለ? «ምኑን? እኔ ምንም አልሰማሁም እመቤቴ» አለ። «ሰው ሁሉ የሚለውን ነው ያልኩት።» እጅጌውን ከጣቴ አላቀቀ፤ ማኪያቶውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። እኔ ቀበሌ አይደለሁም፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ኪሱን የሰፋሁላት ነኝ! ልለው ደጅ ስወጣ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ቆልፏል።

መድኃኔ ከኋላዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። 

«ሰርኪ፣ ለማንም ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ለማንም። አንተስ?»

«ለማንም።»

 ቤት ሮጦ መዝገበ ቃላቱን አወረደ፤ እጁን አልታጠበም። አብረን ወደ እሪ በከንቱ ወረድን። አክስቷ ማንበብ አይችሉም፤ የጋዜጣውን ጥቅል ተቀብለው ግራ ገብቷቸው ያገላብጡታል።

«ምንድነው ይኼ?»

«የሙሉነሽ ሽልማት ነው እማማ» አላቸው መድኃኔ። «አንደኛ ወጥታለች።»

ሴትየዋ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ ያዙት። እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት።

«የት ሆና?» አሉ።